የአራኪን የውሃ ሒሳብ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ ማለትም ከሳይንስ ዕውቀት ተነሥቶ ገና ያልተፈጠረን ዓለም የሚያሳየው የድርሰት ዓይነት፣ ለከተሞች ብዙም ደንታ የለውም፤ ጀግናው የሚሮጥበት መንገድ በማን እንደተጠረገ፣ ቆሻሻው የት እንደሚደፋ፣ ነዋሪው ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ ደራሲው አይናገርም፣ አንባቢውም አይጠይቅም። አሜሪካዊው ደራሲ ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በመጽሐፍ በወጣው «ዱን» በተሰኘው ልብ ወለዱና በተከታዮቹ የፈጠራት የአራኪን ከተማ ግን ከዚህ ልማድ ትወጣለች፤ በእርሷ ውስጥ የሚጠጣውም፣ የሚደፋውም፣ ዛፍ የሚጠጣውም ውሃ በሊትር ተለክቶ ተነግሯል፤ ከተማዋ በከዋክብት መካከል በተካሄደ ጦርነት ተመትታ ዳግም በተሠራች ጊዜም ምን እንዳገኘችና ምን እንዳጣች ከግንቦቿ ይልቅ በዚሁ የውሃ ሒሳብ ላይ ጎልቶ ይነበባል። ይህ ንግግር የሚከተለው ሒሳቡን ነው።

አራኪን የምትገኘው አራኪስ በተባለች ፕላኔት ላይ ነው። ፕላኔቷ ዝናብ የማያውቃት፣ በዋልታዎቿ ካለው ጥቂት በረዶ በቀር በገጿ ላይ ውሃ የማይታይባት ደረቅ ምድር ናት፤ ሆኖም በልብ ወለዱ ዘመን እጅግ ብዙ ዓለማትን የሚገዛው ንጉሠ ነገሥት ሊተዋት አይችልም፤ ምክንያቱም «ቅመም»፣ በሌላ ስሙም ሜላንጅ፣ የተባለው ንጥረ ነገር ከእርሷ በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኝም። ቅመሙ ዕድሜ ያረዝማል፤ ከዚያም በላይ በከዋክብት መካከል የሚመላለሱትን መርከቦች የሚመሩት ሰዎች የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው የሚያዩት እርሱን በመውሰድ በመሆኑ፣ ቅመሙ ከተቋረጠ ንግዱም፣ ጦሩም፣ ግብሩም ባለበት ይቆማል። ንጉሠ ነገሥቱ ፕላኔቷን ለታላላቅ መሳፍንት ቤቶች የሚሰጥበትን አሠራር ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጉልት፣ ማለትም መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት፣ ለዚህ አሠራር እጅግ የቀረበ ስም ነው። ይህን ጉልት ለ80 ዓመት የበላው የሃርኮነን ቤት መቀመጫውን ካርታግ በምትባል ከተማ አድርጎ ነበር፤ በእርሱ ቦታ የተሾመው የአትሬይደስ ቤት መስፍን ሌቶ ግን አነስ ያለችውንና ጥንታዊዋን አራኪንን መረጠ፤ ትንሽ ከተማ ከሰላይና ከወጥመድ ለማጽዳትም ለመጠበቅም ትቀላለችና።

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ከኋላዋ የቆመው «የጋሻ ግንብ» የተሰኘ የተራራ ሰንሰለት ነው። ስሙ ግንብ ይበል እንጂ የሰው እጅ አልሠራውም። በክፍቱ በረሃ ላይ ማዕበል ሲነሣ ነፋሱ በሰዓት እስከ 700 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ከአሸዋው ሥር ደግሞ ርዝመታቸው ከ400 ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል ታላላቅ ትሎች ይመላለሳሉ፤ ለሁለቱም መከለያው ይህ አለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዴኒ ቪልነቭ ዳይሬክተርነት የተሠራው ፊልም ይህን በሚገባ አስቦበታል፤ በዚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት ያገኘው የመድረክ ንድፍ ባለሙያ ፓትሪስ ቨርሜት ሕንጻዎቹን ዝቅ ያሉ፣ ወፍራሞች፣ ግድግዳቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ አድርጎ የነደፋቸው ነፋሱ ገጭቶ እንዳይሰብራቸው ይልቁንም በላያቸው ተንሸራቶ እንዲያልፍ ነው። በዮርዳኖስ ዋዲ ረም ጭምር የተቀረጸው የዚያ ፊልም በረሃ ውብ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው በረሃ ግን ከውበቱ ይልቅ ሒሳቡ ያስፈራል።

ኸርበርት ጋዜጠኛ ስለነበር የአሸዋውን ጠባይ የተማረው ከሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. በኦሪገን ግዛት ፍሎረንስ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የሄደው፣ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በነፋስ እየተገፋ መንገድና ቤት የሚውጠውን የአሸዋ ክምር ሣር በመትከል እንዴት እንዳቆመው ለመዘገብ ነበር። ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ፤ ለእርሱ የተሰበሰበው ንባብ ግን ስለ በረሃ፣ በበረሃ ስለሚነሡ ሃይማኖቶችና ስለ ሕይወታውያን ትስስር ወደሚያወሳ ትልቅ ልብ ወለድ አደገ። ልብ ወለዱ በመጀመሪያ «አናሎግ» በተባለው መጽሔት ከ1963 እስከ 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ ወጣ፤ ከዚያም ከ20 የሚበልጡ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የሚታወቀው ቺልተን አሳተመው። ለመካኒኮች መጽሐፍ የሚያትም ድርጅት የፕላኔትን አሠራር የሚፈታና የሚገጥም ልብ ወለድ መቀበሉ፣ ዕድል ነው ቢባልም፣ ያለ ቦታው አልወደቀም።

መስፍን ሌቶና ቤተሰቡ በገቡበት የእንደራሴው ቤት ደጃፍ 20 የተምር ዛፎች ቆመዋል። አንድ የተምር ዛፍ በቀን 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው በዚያ ምድር 8 ሊትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንዱ ዛፍ 5 ሰው፣ ሃያዎቹ ዛፎች 100 ሰው ናቸው። ደራሲው ይህን ስሌት በአንድ ሐኪም አፍ ካስነገረ በኋላ፣ ከአጥር ውጭ የሚያልፈው ሕዝብ ዛፎቹን በምን ዓይን እንደሚያይ ማብራራት አላስፈለገውም። በቤቱ የግብዣ አዳራሽም ሌላ ልማድ ነበረ፤ እንግዶች ከማዕድ በፊት እጃቸውን ታጥበው ውሃውን ወለሉ ላይ ይረጫሉ፣ ፎጣውንም እዚያው ይጥላሉ፤ ከማዕዱ በኋላ ለማኞች በር ላይ ተሰብስበው ከፎጣው የሚጨመቀውን ያገኛሉ። ሌቶ ይህን ሽሮ ለሚመጣ ለማኝ ሁሉ አንድ ኩባያ ውሃ እንዲሰጠው አዘዘ። ትእዛዙ ደግነት ነው፤ ፖለቲካም ነው፤ የፎጣውን ጭማቂ ትሸጥ የነበረችው የቤቱ አገልጋይ ፊቷ እንደጠቆረ መገመት ግን አያዳግትም፤ አንድ ብልሹ ልማድ ሲሻር በልማዱ የሚተዳደር ሰው ከየትም አይጠፋም።

ከከተማዋ ውጭ፣ በዓለት ዋሻዎች ውስጥ፣ ፍሬመን የሚባለው የበረሃ ሕዝብ ይኖራል። መኖሪያ ዋሻቸው «ሲየች» ይባላል፤ ስሙ በዛሬዋ ዩክሬን የነበሩት ኮሳኮች የጦር ሰፈራቸውን ይጠሩበት ከነበረው ቃል የተወሰደ ነው። ፍሬመን ከቤት ሲወጡ የሚለብሱት ልብስ ላባቸውን፣ ትንፋሻቸውንና ሽንታቸውን ይዞ አጥርቶ መልሶ ያጠጣቸዋል፤ በትክክል የተለበሰ ከሆነም በቀን የሚያባክነው እርጥበት ሰፊ ጣቱ ላይ በሚያጠልቃት ቆብ ልክ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት በአስከሬኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተለይቶ ወደ ጎሣው ማከማቻ ይገባል፤ ድርሻውም በብረት ቀለበቶች ተቆጥሮ ለሚገባው ይሰጣል፤ ቀለበቶቹ እንደ ገንዘብ ያገለግላሉ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንባቢ እንደ ጭካኔ ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን በአራኪስ ላይ እውነተኛ መንግሥት ካለ ይህ ነው፤ ግብር አለው፣ ግምጃ ቤት አለው፣ ለትውልድ የሚቆይ ዕቅድም አለው። በአንዱ ዋሻ ውስጥ ብቻ የተጠራቀመው ውሃ ከ38 ሚሊዮን ዴካሊትር ይበልጣል፤ ዴካሊትር 10 ሊትር ነውና 380 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው፤ በሐኪሙ ስሌት 100,000 ሰዎችን ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በላይ ያጠጣል። ፍሬመን ግን እየተጠሙ አይነኩትም። ፓርዶት ካይንስ የተባለ የፕላኔት ሳይንስ ባለሙያ፣ ከእርሱም በኋላ ልጁ ሊየት፣ ከፕላኔቷ አረንጓዴ ተክል 3 በመቶ ያህሉ ምግብ በመሥራት ላይ ከዋለ የውሃው ዑደት ራሱን በራሱ እንደሚያንቀሳቅስ፣ ይህም ከ300 እስከ 500 ዓመት እንደሚወስድ አስተምረዋቸዋል፤ ያስተማራቸውን ሰውም የልጅ ልጆቻቸውንም ሞት አልፎ የሚሄድ ዕቅድ ተቀብለው ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማሉ።

ውሃው ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ «የነፋስ ወጥመድ» ነው፤ ከአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲቀዘቅዝ ጠል ሆኖ እንዲወርድ የሚያደርግ መሣሪያ። ነገሩ ፈጽሞ ተረት አይደለም፤ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በዶርዜ ያቆመው፣ ስሙንም ከወርካ ዛፍ የወሰደው ማማ በዚሁ መርሕ ጠልና ጉም የሚያጠምድ ሲሆን፣ የታለመለትም በቀን እስከ 100 ሊትር እንዲሰበስብ ነው። በአራኪን ሒሳብ ይህ 12 ሰው ያጠጣል፤ ከተምር ዛፍ ግን ሁለት ተኩሉን ብቻ። ዶርዜ ደግሞ ጉም የማያጣት ደጋ ናት፤ አየሩ ራሱ ደረቅ በሆነበት ምድር ስንት ወጥመድ እንደሚያስፈልግ ከዚህ ማስላት ይቻላል፤ የፍሬመን ቆጣቢነት ከጠባይ ይልቅ ከሒሳብ የመነጨ መሆኑም እዚህ ላይ ይገለጣል።

ጦርነቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሃርኮነኖች በንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ድብቅ እርዳታ ሌቶን ገድለው ከተማዋን መልሰው ይዘዋል፤ የሌቶ ልጅ ጳውሎስ በረሃ ገብቶ በፍሬመን መካከል አድጎ መሪያቸው ሆኗል፤ ንጉሠ ነገሥት ሻዳም አራተኛም ዓመፁን ለማብረድ ጦሩን አስከትሎ ራሱ በአራኪን ሜዳ ላይ ሰፍሯል። ጳውሎስ ታላቅ ማዕበል እስኪነሣ ጠበቀና የቤተሰቡን የአቶሚክ መሣሪያ በሰው ላይ ሳይሆን በጋሻው ግንብ ላይ አፈነዳው፤ አቶሚክን በሰው ላይ መጠቀም በመሳፍንቱ ሁሉ ስምምነት የተከለከለ ቢሆንም ተራራ ሰው አይደለም በሚል ክርክር ነው። በተከፈተው ክፍተት ማዕበሉ ገባ፤ በማዕበሉ ውስጥም ፍሬመን ትሎቹን እንደ ፈረስ ጋልበው ገቡ። ከተማዋን ለዘመናት የጠበቃት አንድ ነገር የፈረሰው በጠላቷ እጅ አልነበረም፤ ነጻ አውጪዋ ነው ያፈረሰው። ከዚህ በኋላ አራኪን እንደ ቀድሞዋ ልትሠራ አትችልም ነበር፤ በረሃውን ከውጭ የሚያቆየው አጥር በራሱ በበረሃው ሕዝብ ተከፍቷልና።

የፍሬመን ቋንቋ በአብዛኛው ከዐረብኛ የተወሰደ መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ጣዕም አለው። ጳውሎስ የሚጠራበት «ሙአዲብ» የሚለው ስም በልብ ወለዱ የበረሃ አይጥ ስም ሲሆን፣ በዐረብኛ ግን ሥነ ሥርዓት የሚያስተምር መምህር ማለት ነው፤ ልጅን «አደብ ግዛ» የሚል ሁሉ የዚህን ቃል ሥር በአፉ ይዟል። ተከታዮቹ «ማህዲ» ይሉታል፤ ይህም ቃል በኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን ውጊያ የተዋጋው፣ በአማርኛ ደርቡሽ የሚባለው ጦር የተነሣው በሱዳኑ ማህዲ ስብከት ነበር። ኸርበርት ከሱዳን ይልቅ የቀዳው ሌስሊ ብላንች እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. ኢማም ሻሚል በካውካሰስ ተራሮች ከሩሲያ ጋር ስላደረገው ጦርነት ከጻፈችው መጽሐፍ ነው፤ ነቢይነትና ጦር በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ ከድል ማግስት ምን እንደሚመጣ ግን የትኛውም ምንጭ ቢሆን ያስተምረው ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. የታተመው፣ የሚጀምረው ከድሉ 12 ዓመት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው ሊወቀስ ይገባል። ውሃን በሊትር የቆጠረ ጸሐፊ፣ ከተማዋ ዳግም የተሠራችባቸውን 12 ዓመታት ዘልሏቸዋል፤ ድንጋዩን ማን እንደጠረበ፣ ጭቃው የተቦካበት ውሃ ከየትኛው ጎሣ ማከማቻ እንደወጣ፣ ሠራተኛው በምን እንደተከፈለ አልተነገረም። አንባቢ የሚያገኘው የተጠናቀቀውን ሥራ ነው፤ ሌሎች ከተሞችን ሙሉ በሙሉ ሊውጥ ይችላል እየተባለ የሚነገርለትን የጳውሎስን ቤተ መንግሥት፣ የእኅቱን የዐሊያን ቤተ መቅደስ፣ ከየዓለማቱ የሚጎርፉትን ተሳላሚዎች። ወደ ዙፋኑ የሚጠራ እንግዳ ረጅሙን አዳራሽ በእግሩ እንዲያቋርጥ ይደረጋል፤ ሕንጻው የተሠራው የሚገባውን ሰው ለማሳነስ መሆኑን ከሩቅ የመጣች አንዲት አሮጊት መነኩሲት ወዲያው ትረዳዋለች። ይህ ሁሉ የተከፈለው በጂሃዱ፣ ማለትም ፍሬመን በጳውሎስ ስም በየዓለማቱ ባካሄዱት የድል ዘመቻ ነው፤ የዘመቻውን ሒሳብም ራሱ ጳውሎስ እንደ ግምጃ ቤት ሹም ይቆጥረዋል፤ በትንሹ ሲገመት 61 ቢሊዮን ሰው ሞቷል፣ 90 ፕላኔቶች ሕይወት አልባ ሆነዋል፣ 500 የሚሆኑት ደግሞ መንፈሳቸው ተሰብሯል። በፊት በዚያች ከተማ የሚቆጠረው ውሃ ነበር።

በአዲሲቷ ከተማ ዳርቻ ፋሮክ የሚባል አንድ ጡረታ የወጣ ዘማች ይኖራል። ወደ ዘመቻ የሄደው ስለ እምነት አልነበረም፤ ባሕር የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቶ ማመን ስላቃተው በዓይኑ ለማየት ነው። በአንዲት ሩቅ ፕላኔት ባሕሩን አገኘው፣ ገባበት፣ ሲወጣም ዘማችነቱ ከልቡ ወጥቶ ነበር። በሙሉ ልብ ወለዱ ውስጥ ስለ ድል ከተጻፈው ሁሉ ይህ የአንድ ተራ ሰው ታሪክ ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ ሠራዊቱ ሁሉ ወደ አገሩ የተመለሰው ውሃን አይቶ ነውና። ከዚያ በኋላ ልብሱን እንደ ጥንቱ አጥብቆ የሚያስር፣ ጠብታ የሚቆጥር ሰው በከተማዋ እየሳሳ ሄደ። ፍሬመን አንድ ሌላ ሕግ ነበራቸው፤ ዕውር የሆነ ሰው ወደ በረሃ ይወጣል፣ አይመለስም፤ ጨካኝ ሕግ ነው፣ ምክንያቱም ያው የውሃ ጥበት ነው። በአንድ ጥቃት ጳውሎስና ብዙ ወታደሮች ዓይናቸው ሲጠፋ፣ ጳውሎስ ለወታደሮቹ ሰው ሠራሽ ዓይን ገዝቶ ከሕጉ አዳናቸው፤ ራሱ ግን በመጨረሻ ብቻውን ወደ በረሃ ሄደ። ከተማዋ የረሳችውን ሕግ የፈጸመው ከተማዋን ያሠራት ሰው ነው።

የካይንስ ሕልም በበኩሉ መሳካት ጀመረ፤ ችግሩም ከዚያ ተነሣ። ትሎቹ ሕፃን ሳሉ በአሸዋ ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ከብበው የሚያሽጉ ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው፤ አራኪስን ያደረቋትም እነርሱ ናቸው፤ ቅመሙም የሚገኘው ከዚሁ ከሕይወት ዑደታቸው ሲሆን፣ ላደገ ትል ደግሞ ውሃ መርዝ ነው። ስለዚህ ምድሪቱ ስትለመልም ትሉ ይሞታል፣ ቅመሙም ይቆማል። በሦስተኛው መጽሐፍ በከተማዋ ዙሪያ «ቃናት» የሚባሉ ቦዮች ተቆፍረው መስኖ ያመላልሳሉ፣ ትሎቹንም ይከለክላሉ። ኸርበርት ቃናትን ክፍት ቦይ አድርጎታል፤ በኢራን ግን ቃናት ከመሬት በታች የሚሄድ የውሃ መተላለፊያ ነው፣ የተቀበረውም ፀሐይ እንዳታተንነው ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. 11 የፋርስ ቃናቶችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ስህተቱ ሆን ተብሎ ይሁንም አይሁን ለታሪኩ ተስማምቶታል፤ ውሃውን በአደባባይ ለፀሐይ ገልጦ የሚያስኬድ ከተማ፣ በረሃ ውስጥ መሆኑን የዘነጋ ከተማ ነው። ኦሪገን ላይም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አሸዋውን ለማቆም የተተከለው የአውሮፓ ሣር ከታሰበለት በላይ ተስፋፍቶ ክፍቱን የአሸዋ ምድር እየሸፈነ፣ በዚያ የሚፈለፈሉ ወፎችንም ማረፊያ እያሳጣ በመምጣቱ፣ ዛሬ ሣሩ በማሽን እየተነቀለ አሸዋው እንደገና እንዲንቀሳቀስ እየተደረገ ነው።

በአራተኛው መጽሐፍ 3,500 ዓመት አልፏል፤ ፕላኔቷ ለምልማለች፣ ወንዝና ደን አላት፣ ከበረሃው የቀረው ተከልሎ የሚጠበቅ አንድ ሥፍራ ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ያሉት «የሙዚየም ፍሬመን» የአያቶቻቸውን ልማድ ለጎብኚ የሚያሳዩ፣ ትርጉሙን ግን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ በረሃው ተመልሶ መጣ፤ ስሞቹም በነፋስ እንደተበላ ድንጋይ አጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በታተመው አምስተኛ መጽሐፍ አራኪስ ራኪስ፣ ዋና ከተማዋም ኪን ተብላ ትገኛለች። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ የፕላኔቷ ገጽ በጠላት እሳት ተቃጥሎ አመድ ሆኗል፤ አንድ ትል ብቻ ተርፎ ወደ ሌላ ፕላኔት ይወሰዳል። ኸርበርት ከማረፉ ከአንድ ዓመት በፊት በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የመጨረሻው መጽሐፍ ትሉን የተቀበለችው ያቺ ፕላኔት አረንጓዴ ናት፤ ቅመም እንዲገኝባት ግን ሆን ተብሎ እየደረቀች ነው፤ በሟች መነኩሲቶቿ መቃብር ላይ የተተከሉት የፍሬ ዛፎች ውሃቸው በትእዛዝ ተቋርጦባቸው፣ አሸዋው በሚመጣበት አቅጣጫ ካሉት ጀምሮ፣ ተራ በተራ ይደርቃሉ።